«አፌ ላይ ነበረ እኮ!»፦ ስለ መርሳት ለጠየቃችሁኝ

ስለ መርሳት ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። አንዱ ወዳጃችን ሁለቴ ልኳል፤ የመጀመሪያውን መላኩን ረስቶ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥሬን ቀየርኩ። ጣቴ ግን አሁንም አሮጌውን ይጫናል። ማሽኑ ካርዴን ዋጠብኝ!

መልስ፦ አይዞህ፣ የእኔንም ውጦብኛል። አዲሱ ቁጥር አልጠፋህም፤ የድሮው ቀድሞ እየመጣ ያውከዋል። ሥነ ልቦና አዋቂዎች ለመርሳት ከሚሰጧቸው ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የትዝታዎች መጋፋት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ አዲሱ የድሮውን ያስረሳል። ካርዱን ግን ባንክ ሄደህ ነው የምታስመልሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ባዮሎጂውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳነበው ሁሉም ይገባኛል፤ በሳምንቱ ባዶ ነኝ። ጭንቅላቴ ችግር ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ የለበትም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት የፈተነው ራሱን ነበር። ትርጉም የለሽ ድምፆችን ይሸመድዳል፤ ቆይቶ እንደገና ያጠናቸዋል፤ በሁለተኛው ዙር ምን ያህል የጥናት ጊዜ እንደቆጠበ ያሰላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁጠባው 58 በመቶ ገደማ ነበር። ባንድ ቀን ወደ 34 ወረደ። ከ31 ቀን በኋላ ግን ገና 21 ላይ ነው። አየህ፣ ብዙው የሚፈሰው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ ረገብ ይላል።

ያንተ ጣጣ ግን ሌላም አለው። ዓይንህ ገጹን ስለለመደው ብቻ የምታውቀው ይመስልሃል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በለጡ። በሳምንቱ ግን ሳያዩ ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ይህ ለቆሎ ተማሪ አዲስ ወሬ አይደለም። ማታ የተቀበለውን የቃል ትምህርት ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል።

ስለዚህ መጽሐፉን ዝጋ። በባዶ ወረቀት ላይ ኩላሊት ምን እንደሚሠራ ጻፍ። ጭልጥ ብሎ ሲጠፋህ ብቻ ክፈት። ነገ ድገመው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፣ በሳምንቱም። ከማንበብ ይከብዳል፤ ቢከብድህ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ በሰርጌ ዕለት መብራት ሄዶ ነበር እላለሁ። እህቴ አልሄደም ትላለች። ሁለታችንም እንምላለን። ማን ዋሸ?

መልስ፦ ማንም። ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ባወጡት ጥናት ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከፊሎቹን «ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ሌሎቹን «ሲላተሙ» ብለው ጠየቋቸው። በሳምንቱ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲሏቸው፣ «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል ናት እንግዲህ! በየበዓሉ ያንን ሰርግ ስታወሩት ስንት ቃል እንደገባበት አስቡት። የቪዲዮ ካሴቱን ፈልጉ፤ እስከዚያው መማሉን ተዉት።

ጥያቄ፦ የሰው ስም አፌ ላይ ነበረ፣ እምቢ አለኝ። ሌሊት ተኝቼ መጣ።

መልስ፦ ስሙ ውስጥህ ነበር፤ የጠፋው መንገዱ ነው። በሚቀጥለው ከ«ሀ» ጀምረህ ፊደሉን ቁጠር። የመጀመሪያው ድምፅ ብዙ ጊዜ ቀሪውን ይጎትተዋል።

ጥያቄ፦ እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ቁርስ መብላቷን ትረሳለች፤ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ትጠይቃለች። ባዘቶና እንዝርት ስሰጣት ግን ክሩ አንዴም አይበጠስባትም። አውቃ ነው እንዴ የምትረሳው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በ1953 ሄንሪ ሞለይሰን የሚባል አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሁለቱም የአንጎሉ ጎን ሂፖካምፐስ ከተባለው ክፍል ትልቅ ድርሻ ተወገደ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አይያዝለትም ነበር። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል አደረገችው። በየቀኑ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት መሞከሩን እንኳ አያስታውስም። እጅ የሚያውቀውና አፍ የሚናገረው በአንድ ቦታ አይቀመጡም።

የእናትሽ ነገር እንደ እሱ ነው እያልኩ አይደለም። ሐኪም ይያቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሲጠይቁሽ «ነገርኩሽ እኮ!» አትበያቸው፤ ለእሳቸው የመጀመሪያቸው ነው። ባዘቶውንም አታቋርጪባቸው።