እናትዎ የሚፈርሙበት «ደህና ቀን»

ጥያቄ፦ «እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ብሎናል። አባታችን በ2009 ዓ.ም. ዐርፏል፤ አራት ልጆች ነን። ኪራይ እንድሰበስብና ጡረታዋን እንድቀበል በ2011 ዓ.ም. የሰጠችኝ ውክልና አለ። ማሳከሚያ ስላጠረን ቤቱን ሸጠን አነስ ያለ ልንገዛላት አስበናል። ወንድሜ ከቨርጂኒያ እየደወለ ‹ደህና በዋለችበት ቀን ውልና ማስረጃ ወስደሽ የመሸጥ ውክልና አስፈርሚያት› ይለኛል። እኔም ሥራ ስሄድ በር ቆልፌባት ስለምወጣ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ቶሎ ምን ላድርግ?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤቱ አለ፣ የወንድምዎ ስልክ አለ፤ እናትዎ ስለ ቤቱ ምን እንደሚሉ ግን አንድ ቃል የለም። ሐኪሙ ይህን የተናገረው መቼ እንደሆነም አልነገሩኝም። የሁለቱ ወንድምና እህቶችዎ ሐሳብም የለበትም። ጉዳይዎ የሚያርፈው በነዚህ ላይ ነው።

የውርሱን ነገር ባጭሩ ልበል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከነበረ፣ የአባትዎ ድርሻ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ የወራሾች ሆኗል። የወራሽነት ማስረጃ ካላወጣችሁ ሽያጭ አይታሰብም። የ2011ዱ ውክልና ደግሞ ለኪራይና ለጡረታ የተሰጠ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ይህንኑ ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደህናው ቀን ልመለስ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ ውልና ማስረጃ መጣች። በታክሲ ውስጥ «ልጄ ናት፣ ወክያታለሁ በል» እያለች ስታስጠናቸው ነው የደረሱት። ሠራተኛው «አባባ፣ ምን ሊፈርሙ መጡ?» ሲላቸው፣ «ግብር ልከፍል» አሉና ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ግን ለእሷም ለእሳቸውም እሰየው አልኩ፤ ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚውን ችሎታ የማጣራት ግዴታ ስላለበት ጉዳዩ በሩ ላይ ቆመ። በሩን ቢያልፍ ኖሮ ጣጣው ይብስ ነበር።

ለምን ቢሉ፣ ፍርድ ቤት በራሳቸው ውል እንዳይፈጽሙ ገና ስላልከለከላቸው የእናትዎ ፊርማ በራሱ ዋጋ ቢስ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚፈርሙትን አያውቁም ነበር ብሎ ማስረዳት የቻለ ወገን ሊያስፈርሰው ይችላል። ማስረጃው ደግሞ እናንተው ያወጣችሁት የሐኪም ወረቀት ነው። ሐኪሙ ሚያዝያ ላይ ጽፎ፣ ውክልናው ግንቦት ላይ ተፈርሞ፣ ቤቱ ሰኔ ላይ ቢሸጥ፣ ከእህት ከወንድም አንዱ የተከፋ ቀን ሦስቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይከሳል። ገዢው ገንዘቡን ይጠይቃል፣ አዲስ የገዛችሁት ቤት ይታገዳል፣ እናትዎ በመሃል ያለ ማረፊያ ይቀራሉ። ያኔ የተፈረመውን ወረቀት ይዞ የሚቆመው ወንድምዎ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። «የድሮው ውክልና አለኝ» የሚለውም አያስተማምንም፤ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው ይቀራል። ስለዚህ ጡረታውንም ኪራዩንም በዚያው ወረቀት ከመቀጠልዎ በፊት ጠበቃ ያሳዩት።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው፣ ግን አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በእርጅና የሚሠሩትን መለየት ያቃታቸውንም ያስባል። የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል፤ ራሳቸው እናትዎም እንዲሁ። ዳኛው በጤንነታቸውና በጥቅማቸው መሠረት በፍርድ ሊከለክላቸውና ለአካላቸው የሚያስብ አሳዳሪና ንብረታቸውን የሚያስተዳድር ሞግዚት ሊሾምላቸው ይችላል። ሞግዚቱም ቢሆን ቤት የሚሸጠው ፍርድ ቤት ሲፈቅድለት ነው። «ክልከላ» ሲባል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ እናቴን ዕብድ አስብዬ አልመጣም ይላሉ። እውነት ነው፣ ቃሉ ይከብዳል። ግን ፍርድ ቤቱ እናትዎ ራሳቸው የሚያደርጉትን ነገር ለይቶ ሊተውላቸው ይችላል፤ ይህን በማመልከቻው ላይ እንዲጠየቅ ለጠበቃዎ አደራ ይበሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሰው በአእምሮ ጉዳት ምክንያት በሕግ ፊት ሰውነቱን አያጣም ይላል።

በሩን ቆልፈው የሚወጡትንም እንዲሁ አላልፈውም። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢወጡና መንገድ ቢጠፋባቸው ማን ያገኛቸዋል? ግን እሳት ቢነሳ፣ ቢወድቁ፣ ከውስጥ የሚከፍትላቸው የለም። ሰውን ያለ ሕግ ሥልጣን ዘግቶ ማቆየት በወንጀልም ያስጠይቃል። ለጎረቤት ቁልፍ ይስጡ፣ ለቀኑ የሚውል ሰው ይፈልጉ። «ገንዘብ የለኝም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እርስዎ ያልጠየቁኝን እኔ ልንገርዎ፣ ቀለብ፣ ማለትም ለእናት ኑሮና ሕክምና ማዋጣት፣ የአራቱም ልጆች ግዴታ ነው። የቨርጂኒያው ወንድምዎ ስለ ውክልና ሲደውል፣ በየወሩ ስለሚልከው ይጠይቁት። ካልተግባባችሁ ፍርድ ቤት እንደየአቅማችሁ ይደለድላል።

እስከዚያው ምንም አያስፈርሟቸው። የካርታውን ኮፒ፣ የአባትዎን የሞት ማስረጃ፣ የ2011ዱን ውክልና እና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉትን የሕክምና ወረቀቶች ከነቀናቸው አሰባስበው ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ፤ አቅም ካነሰ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ደህና በዋሉበት ጠዋት፣ ቡና አፍልተው፣ «እማ፣ ይህን ቤት ምን እናድርገው?» ይበሏቸው። የሚሉትን እንደወረደ ከነቀኑ በደብተር ይጻፉት። ነገ ዳኛው ይህንኑ ይጠይቅዎታል።