«በተመቸው ጊዜ» ያልነው ስምምነት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር በስምምነት ከተፋታን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ስምምነታችንንም ፍርድ ቤት አጽድቆታል። የ7 ዓመት ልጃችን የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። አባቱ በየወሩ 3,000 ብር ቀለብ ሊቆርጥ፣ ልጁንም «በተመቸው ጊዜ» ሊያይ ተስማምተን ነበር። አሁን ቀለቡን ካቋረጠ ሁለት ወር አለፈው። እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሳይደውል ከች ይላል። ቀለቡን እስኪከፍል ልጁን ብከለክለው ያስጠይቀኛል? (ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን አዎ፣ ያስጠይቅሻል። ቀለቡ የልጁ ነው። አባቱን ማየትም የልጁ መብት ነው። ልጅ በወላጆቹ እንክብካቤ የማግኘት መብቱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሰፍሯል። አባቱ አንዱን ስላጎደለበት አንቺ ሁለተኛውን አታጉድይበት።

ለቀለቡ መንገድ አለሽ። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ስለዚህ ውዝፉ ሳይከማች የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገቢ። ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቆርጦ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «በተመቸው ጊዜ» የምትለዋ ነገር ናት። ስትጽፏት ፍቅር ትመስላለች፤ ጠብ አንፈልግም ማለት ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ይዘው ቢሮዬ ከሚመጡት ግን ስንቱን ያጣላችው እሷ ናት። አንዴ ስምምነት ልናስተካክል አንዲት ደንበኛዬ ቤት ሄድኩ። ልጇ ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጧል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አባቱን እየጠበቀ ነው። ምሳ ቀረበ፤ «አባቢ ሲመጣ ያስቸኩለኛል» ብሎ ጫማውን አላወልቅም አለ። 8 ሰዓት ላይ እዚያው እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ዛሬም ያ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ ስምምነቱ እንዲሻሻል ጠይቂ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 113 በልጆች አያያዝ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል። አባቱ ከተስማማ አብራችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ። ዳኛው ግን ዝም ብሎ አይፈርምም፤ የልጁን ጥቅም የሚጎዳ ነገር ካገኘ ያርመዋል።

ስትጽፉ ቀንና ሰዓቱ ይታወቅ። ለምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሑድ 11 ሰዓት። ማን ያመጣል? የት ትረካከባላችሁ? እናንተ ስትገናኙ የምትጣሉ ከሆነ አያቱ ቤት ይሁን። ፋሲካን ዘንድሮ ካንቺ፣ ለከርሞ ከእሱ ጋር ያሳልፍ። ክረምቱንም ተካፈሉት። የሚቀር ከሆነ ከዋዜማው ይደውል፤ የሚደውለውም ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለልጁም ጭምር ይሁን። የትምህርት ቤት ክፍያና ሕክምና ከቀለቡ ውጭ ከሆነ እሱም ይጻፍ።

ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ያኔ ልጁ ሊጠየቅ ይችላል። እባክሽ፣ ምን እንደሚል አታስጠኚው። ልጅ ያስጠኑትን ሲናገር ያስታውቃል፤ ለራሱም ከባድ ሸክም ነው።

የጸደቀውን ስምምነት ግልባጭ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና ቀለቡ ይገባበት የነበረውን የባንክ ስቴትመንት ይዘሽ ወደ አጸደቀላችሁ ፍርድ ቤት ሂጂ። እስከዚያው አባቱ ከመጣ በሩን ክፈቺለት።