«ልጄ ደብተሩ ላይ ሰው እያሳደደ ነው»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ባለቤቴ በመሬት ጠብ ከተገደለ 7 ዓመት ሆነው። ገዳዩ ዘንድሮ በአመክሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ 11ኛ ክፍል የሆነው ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የሳይንስ ልብወለድ ይጽፋል፤ አንድ ልጅ የአባቱን ገዳይ ጠፈር ላይ ሲያሳድድ። ትምህርቱን ትቷል። ፈራሁ። ደብተሩን ልቀማው?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ከደብተሩ ገልብጠው የላኩልኝን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ታሪኩ የሚካሄደው የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ታይታን ላይ ነው። ከምድር ሌላ ገጿ ላይ የፈሳሽ ሐይቅ እንዳላት የታወቀችው እሷ ብቻ ናት። ሐይቁ ግን ውሃ አይደለም፣ በብርዱ ፈሳሽ የሆነ ሜቴን የሚባል ጋዝ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ይደርሳል። የጣና ልጅ እዚያም ሐይቅ ፈልጎ ታንኳ ቀዘፈበት። ደንገሉ በብረት ተተካ እንጂ ያው ታንኳ ነው። ልጁ ከቤቱ አልራቀም።

ባለታሪኩ ገዳዩ ጋ ሲደርስ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ታንኳውን ይጠግናል። መሣሪያው ተደግኗል። «ጣቱ አልታዘዝ አለው» ይላል። ከዚያ በኋላ ስርዝ ድልዝ ነው። እርስዎም «ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ደጋግሞ ይሰርዘዋል» ብለዋል። ወረቀት ላይ እንኳ መግደል አልሆንልህ ብሎታል።

እኔን የያዘኝ ግን እንደዋዛ ያለፉት አንድ ነገር ነው። በተዝካሩ ዕለት አጎቶቹ «ወንድ ልጅ የተወ ሰው ደሙ ፈሶ አይቀርም» አሉ። «እኔም ዝም አልኩ፤ ልጁ እጅ እያስታጠበ ነበር» ይላሉ። ያኔ 10 ዓመቱ ነው። ማስታጠቢያ ይዞ የሰማው የአጎቶቹን ቃል ብቻ አይደለም፤ የእናቱንም ዝምታ ሰምቷል። በዚያ ሐዘን መሃል ማን አፍ አለው? ይገባኛል። ልጅ ግን ዝምታን እንደ መስማማት ይወስዳል። አሁን ሰውየው ሲወጣ ዕዳው የደረሰ መስሎታል። ደብዳቤው ላይ ገዳዩ ተደጋግሞ ተነስቷል፤ ሟቹ ምን ዓይነት አባት እንደነበረ ግን አንድም ቃል የለም። ልጁ አባቱን የሚያውቀው በደሙ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ አይቀየሙኝ፣ እኔ ለልጁ ወግኛለሁ። ደብተሩን ከቀሙት እምቢ የሚልበት ቦታ ያጣል። ለአጎቶቹም አንድ ነገር ልበል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬቨን ካርልስሚዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በገንዘብ ጨዋታ ያታለላቸውን ሰው የቀጡ ሰዎች እንዳሰቡት እፎይ አላሉም። እንዲያውም የመቅጣት ዕድል ካላገኙት ይበልጥ ሲያብሰለስሉት ቆዩ።

ምናልባት አንድ ምሽት «እስቲ አንብብልኝ» ይበሉት። አያርሙት። ስለ አባቱም ያጫውቱት፤ ምን ያስቀው እንደነበር፣ ልጁን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር። ያን ቀን ያልተባለውንም ይንገሩት፦ «ልጄ፣ ካንተ ደም አልፈልግም።» አጎቶቹ ባሉበት ቢደግሙት ደግሞ የተሻለ ነው። በአንድ ቀን ይለወጣል ብለው ግን አይጠብቁ።

ስለ እውነተኛ መሣሪያ ማውራት፣ ሰውየውን መከታተል ወይም ራሱን ስለመጉዳት ማንሳት ከጀመረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ባይጀምርም እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነውና ባለሙያ ፊት ለፊት ቢያነጋግረው እመርጣለሁ። እሱ እሺ እስኪል እርስዎ ቀድመው ብቻዎን ቢሄዱም ይቻላል።