የእንግሊዝኛ ፈተና፦ የትኛውን ልፈተን?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። አምና ለማስተርስ ብዬ ለትምህርት የሚሆነውን የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አካዳሚክ አይኤልትስን፣ ተፈትኜ ማዳመጥ 8፣ ንባብ 7፣ ንግግር 7፣ ጽሑፍ 5.5፣ በአማካይ 7 አመጣሁ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬ በኤክስፕረስ ኢንትሪ (የሠለጠኑ ሠራተኞች ለቋሚ ነዋሪነት በሚያመለክቱበት ሥርዓት) ወደ ካናዳ መሄድ ፈልጌአለሁ። ያው ውጤት አይሠራልኝም?

መልስ፦ አይሠራልዎትም። የካናዳ ኢሚግሬሽን ለኤክስፕረስ ኢንትሪ አካዳሚክ አይኤልትስን አይቀበልም። ከእንግሊዝኛ ፈተናዎች የሚቀበለው አይኤልትስ ጀነራል ትሬኒንግን (ለሥራና ለስደት የሚሆነውን አይኤልትስ)፣ ሴልፒፕ ጀነራልንና ፒቲኢ ኮርን ነው። ቶፍልም ዱዎሊንጎም እዚህ ቦታ የላቸውም። ቤት ተቀምጠው የሚፈተኑት አይኤልትስም እንዲሁ፤ ፈተና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

አካዳሚኩን ቢቀበሉት እንኳ ጽሑፉ ይጥልዎት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው አማካዩን ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ውስጥ ባለው የፌዴራል የሠለጠነ ሠራተኛ መስመር ግን በአራቱም ክፍል በካናዳ የቋንቋ መለኪያ (ሲኤልቢ) 7፣ ማለትም በአይኤልትስ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ይጠየቃል። የማዳመጥ 8 ለጽሑፍ 5.5 ማካካሻ አይሆንም።

«ጀነራሉ ይቀላል» የሚባለውን ደግሞ በግማሽ ይመኑት። የንባቡ ጽሑፎች በእርግጥ ይቀላሉ፤ ማስታወቂያ፣ የሥራ ቦታ መመሪያና የመሳሰለው ነው። አሰጣጡ ግን ጥብቅ ነው። በአካዳሚክ ንባብ ከ40 ጥያቄ 23 ገደማ ያገኘ 6 ሲሰጠው፣ በጀነራል ለዚያው 6 ወደ 30 ያስፈልጋል።

እርስዎ ጊዜዎን ጽሑፉ ላይ ያውሉ። 60 ደቂቃ አለዎት፤ አንድ ደብዳቤ ቢያንስ 150 ቃል፣ አንድ ድርሰት ቢያንስ 250 ቃል። ድርሰቱ የደብዳቤውን እጥፍ ነጥብ ይይዛል። ነገር ግን ደብዳቤው ቀድሞ ስለሚመጣ ብዙ ሰው 35 ደቂቃ ይፈጅበትና ድርሰቱን ሳይጨርስ ይነሣል። ለደብዳቤው 20 ደቂቃ ብቻ ይስጡት። ሌላው የእኛ አገር ልማድ ነው፦ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ገልብጦ አራት መስመር መሙላት። ሰላምታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጥያቄው ሥር ሦስት ነጥቦች ተዘርዝረዋል፤ አንዱን ዘለሉ ማለት ነጥብ ጣሉ ማለት ነው። ለጓደኛ ሲሆን በመጠሪያ ስሙ፣ ለማያውቁት ኃላፊ ሲሆን በአክብሮት ይጀምሩ፤ እስከ መጨረሻውም በዚያው ቃና ይዝለቁ።

ለመመዝገብም አይቸኩሉ። ውጤቱ ፕሮፋይል ሲከፍቱም፣ ለቋሚ ነዋሪነት በሚያመለክቱበት ቀንም ሁለት ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ዲግሪዎ ከካናዳው ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳየው የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ለ5 ዓመት ስለሚያገለግል እሱን ያስቀድሙ። ሲመዘገቡ ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይገልብጡ። የአባትና የአያት ስም የት እንደሚገባ በግምት አይሙሉ፤ ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ያለው የትኛውን ነው? እሱን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ታመለክታለች። ዱዎሊንጎ ርካሽ ነው ይሉኛል፤ ይበቃታል?

መልስ፦ ለብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ይበቃል። ይሁንና የእያንዳንዱን ኮሌጅ የውጭ አገር ተማሪዎች ቅበላ ገጽ ከፍታችሁ ዝቅተኛውን ነጥብ ካላያችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ፈተናው ቤት ሆና በኮምፒውተር የምትፈተነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነው፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 160 ይሰጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥም ይደርሳል። አንዳንዶች የሚወድቁት በእንግሊዝኛው ሳይሆን በሚፈተኑበት ክፍል ውስጥ በሚሆነው ነገር ነው፦ እናት ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ስታነሣ፣ የጆሮ ማዳመጫ ስታደርግ ውጤቱ ሳይጸድቅ ሊቀር ይችላል። በሩን ቆልፉ፣ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉ፣ ዋይፋዩ ከጠፋ የሚተካ የሞባይል ዳታ አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኛል። አንድ ደላላ ቶፍል ካልያዝክ ቪዛ አታገኝም አለኝ።

መልስ፦ ውሸት ነው። ዲቪ የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠይቅም። የሚጠየቀው ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅ፣ ያ ከሌለ ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚፈልግ ሙያ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። ለደላላው ልትከፍለው የነበረውን ለሕክምና ምርመራው አስቀምጠው።