ለገና ልጆች ይዞ ደሴና ላሊበላ መምጣት፦ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የ3 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ይዘን ለገና ከአዲስ አበባ ደሴ እናቴ ጋ ልንመጣ ነው፣ በዛው ላሊበላንም እናሳያቸው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ደሴ ነው የምኖረው፣ በዚህ መንገድ ልጆቼን ይዤ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ደሴ ኑ፣ ሐይቅንም አሳዩዋቸው፣ ላሊበላን ግን ለበዓሉ ዕለት አታድርጉት።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ልጅ የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን የአየሩ መቀያየር ነው። ጣርማበር ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ዋሻውን አልፈሽ ደብረሲናን ቁልቁል ወርደሽ ሸዋሮቢት ስትገቢ ሙቀት፣ እስከ ከሚሴና ሐርቡ እንደዛው፣ ከዛ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ደሴ መልሶ ብርድ ነው። ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ታሽጎ ከኋላ ከተጫነ አለቀ፣ ሹራቡንም ቲሸርቱንም እጅሽ በሚደርስበት ቦርሳ ያዢ።

ትውከቱ የሚመጣው ጣርማበር ቁልቁለትና ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ነው። ወተት ጠጥተው አይነሱ፣ ደረቅ ዳቦ ይሻላል፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለትንሿ በፍጹም፣ መኪናው ሲነጥር ያንቃታል። ጥምዝምዙ ሲጀምር ስልኩን ተቀበያቸው፣ አንገቱን ደፍቶ ካርቱን የሚያይ ልጅ ነው ቶሎ የሚያስመልሰው፣ ፌስታልም ሁለቱን ደርበሽ ጭንሽ ላይ አድርጊ። በምን እንደምትመጡ አልጻፍሽም፣ በሚኒባስ ከሆነ ሌሊት በሚነዳው አትሳፈሩ፣ ለትልቁም ወንበር ክፈሉለት። ከሚሴ ወይ ኮምቦልቻ ካደራችሁ ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። የመንገዱን ሁኔታም በምትነሱበት ቀን ደሴ ደውላችሁ ጠይቁ።

ላሊበላ ከደሴ በወልድያና በጋሸና ዞረሽ ሌላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታህሣሥ 29 ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ሲዘመር ማየት መታደል ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ሕዝቡ ሌሊቱን ቆሞ ነው የሚያድረው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ዙሪያው 12 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወረደ ነው፣ የ3 ዓመት ልጅ እዛ ግፊያ ውስጥ ምን ታደርጊያታለሽ? በዓሉ ካለፈ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሂዱ፣ አልጋም ይገኛል። ወንዱ ልጅሽ የሚወደው እነ ቤተ መርቆሬዎስ ባሉበት በኩል ያለውን ጨለማ መተላለፊያ ነው፣ የኔው ልጅ ቀበቶዬን በሁለት እጁ ጨምድዶ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነው ያለፍነው፣ ስንወጣ "እንደገና እንግባ" አለኝ። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ አልብሻቸው፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም።

ትንሿ ከደከማት ላሊበላን ተዉትና ሐይቅ ውሰዷቸው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዓሣውን ትኩሱን ጠብሰው ያቀርባሉ፣ እሾሁን በጣትሽ ዳብሰሽ አጉርሺያት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም፣ ስለዚህ አባትየው ወንዱን ይዞ ይግባ፣ አንቺና ልጅሽ ውሃው ዳር ቆዩ፣ ለሷም አስቀድመሽ ንገሪያት፣ እዛ ደርሳ ስትከለከል እንዳታለቅስ።

እናትሽ ቤት ደግሞ አብሽሪ፣ ልጆቹን የሚያቅፍ አይጠፋም፣ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ዶሮ ወጥ ያጎርሳቸዋል፣ ከመንገድ የመጣ ሆድ ደግሞ ይህን አይችልም፣ የመጀመሪያውን ቀን አልጫ ብቻ ብለሽ ለእናትሽ አስቀድመሽ ደውይላት። ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስም ከዛው ገዝተሽ ነይ፣ ሌሊት ሲያማት ፋርማሲ ፍለጋ እንዳትወጪ።