ባንድ ላላችሁ ልጆች፦ ወደ ድሮው ሳውንድ መመለስ ካማራችሁ

"ወደ ጀመርንበት ሳውንድ እየተመለስን ነው" የሚል ባንድ ስቱዲዮ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት ብዬ ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የመጀመሪያ አልበማቸውን ፔዳል (የጊታር ድምጽ መቀየሪያውን)፣ ቴምፖውን፣ አንዳንዴ ያችኑ ሪፍ (የምትደጋገመዋን የጊታር ሐረግ) ኪይ ቀይረው ያመጡና በቃ ተመለስን ይላሉ።

እስቲ የእንግሊዞቹን ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን አልበም ቤገርስ ባንክዌትን ስሙት፣ ግን በስልክ ስፒከር አይደለም፣ በሄድፎን። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ራሱ ከአሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን የወሰዱ የብሉዝ ልጆች ናቸው፣ በ1964 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ከሞላ ጎደል የሰው ዘፈን ነው። በ1967 ሁሉም ሳይኬዴሊክ (ህልም የሚመስል፣ እንግዳ ድምጽ የበዛበት ሮክ) ሲሆን እነሱም ገቡበት፣ ፕሮዲውሰራቸው ትቷቸው ሄደ፣ ራሳቸው ፕሮዲውስ አድርገው ሜሎትሮኑም (በቴፕ የተቀዳ ድምጽ የሚያጫውት ኪቦርድ) ሲታሩም (የህንድ ባለ ክር መሳሪያ) ምናምኑም ያለበት አልበም አወጡ። በኔ ጆሮ አንድ ሁለት ቆንጆ ዘፈን አለው፣ አልበሙ ግን መያዣ መጨበጫ የለውም።

በዓመቱ ጂሚ ሚለር የሚባል ፕሮዲውሰር ይዘው ወደ ብሉዝና ካንትሪ ዞሩ፣ ቤገርስ ባንክዌት ያኔ ነው የመጣው። እሱ ላይ ስትሪት ፋይቲንግ ማን የሚለውን ዘፈን ያዙልኝ። መግቢያው ላይ ያለው ጊታር ኤሌክትሪክ ይመስላል አይደል? አኮስቲክ ነው! ጊታሪስታቸው ኪዝ ሪቻርድስ አኮስቲኩን በፊሊፕስ ካሴት መቅረጫ ሆን ብሎ ድምጹ እስኪሰነጠቅ ድረስ ቀዳው፣ ድራመራቸው ቻርሊ ዋትስ አብሮት ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ትንሽዬ የልምምድ ድራም እየመታ፣ ከዛ ካሴቱን በስፒከር አጫውተው ስቱዲዮው ቴፕ ላይ መልሰው ቀረጹትና ሌላውን ሁሉ ከላዩ ደረቡ። ከቤዙ በቀር ኤሌክትሪክ ጊታር የሚባል ነገር የለበትም። ወደ መጨረሻው ደግሞ ጥሩምባ የሚመስል ነገር ሲጮህ ትሰማላችሁ፣ ሸህናይ ይባላል፣ የህንድ የትንፋሽ መሳሪያ ነው፣ ታምቡራ የሚባል የህንድ ባለ ክር መሳሪያም አለ። እነዚህ እንግዲህ ካለፈው ዓመት የሳይኬዴሊክ ጣጣ የተረፉ ናቸው። ወደ ብሉዝ ሲመለሱ አልጣሏቸውም፣ ድርሻቸውን አሳንሰው ጥግ አስያዟቸው እንጂ። በ1964 ይሄን ዘፈን ስሩ ብትሏቸው ከየት አምጥተው! ያኔ የሚወዷቸውን ሰዎች መምሰል ነበር ጭንቀታቸው፣ ካሴት እንደ መሳሪያ ይሰራል ብሎ ማን ያስብ ነበር።

እዚሁ አልበም ላይ ፕሮዲጋል ሰን አለ፣ የድሮው የብሉዝ ሰው የሮበርት ዊልኪንስ ዘፈን ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ግን የዘፋኛቸው የጃገርና የሪቻርድስ ተብሎ ነበር የታተመው። ይሄ ደስ አይልም። ከድሮ ሰው ስትወስዱ ስሙን ጻፉ፣ ከራሳችሁ የቀድሞ ቤዚስት የወጣች ሪፍ ብትሆንም።

ሌላም አይነት መመለስ አለ። በ2015 መጨረሻ እነዚሁ ሰውዬዎች አዲስ ዘፈን ሊሰሩ ስቱዲዮ ገብተው ለማሟሟቂያ የድሮ ብሉዝ ጀመሩ፣ ጣማቸው፣ በ3 ቀን 12 ኮቨር (የሰው ዘፈን) ቀዱ፣ ጎረቤት ስቱዲዮ ይሰራ የነበረው ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ሁለቱ ላይ ገባላቸው። ብሉ ኤንድ ሎንሰም ብለው በ2016 አወጡት። እዛ ላይ ምንም አዲስ ነገር የለም፣ እንዲኖርም አልፈለጉም፣ 50 ዓመት የተጫወተ እጅ ስለሆነ ግን ያምርበታል። እናንተ ሁለተኛ አልበም ላይ ሆናችሁ ይሄንን መንገድ ባትሞክሩት ይሻላል ባይ ነኝ።

ይልቅ የድሮ ዴሞአችሁን አውጡና ፔዳል ሳትሰኩ በአንድ አኮስቲክ ተጫወቱት። ያለ ዲስቶርሽን (ድምጹን ከሚያሻክረው ኢፌክት) የሚቆመውን ሪፍ ያዙ፣ የማይቆመውን ተዉት። ከዛ ባለፈው አልበም ከተማራችሁት አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት፣ ሲንትም (ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ይሁን ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ የተቀዳ ድምጽ)፣ ሚክስ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ድራመሩም በክሊክ (ጆሮው ላይ ቴምፖ በሚቆጥርለት ድምጽ) ከመቅዳቱ በፊት አንዴ ያለሱ በነጻነት ይምታው።