መልስ፦ ኮንክሪቱ 6 በመቶ አየር ካለው፣ ማይክሮስኮፕ ለምን?

«የግፊት መለኪያው ኮንክሪቱ ውስጥ 6 በመቶ አየር አሳይቷል፤ ላቦራቶሪው ለምን የማይክሮስኮፕ ምርመራ ይጠይቃል?» ላልከው ወንድሜ፣ መለኪያው የሚነግርህ ጠቅላላ የአየሩን መጠን ብቻ ነው። አረፋዎቹ ትልልቅ ይሁኑ ትንንሽ አይለይም። ኮንክሪቱ ውርጭን እንዲቋቋም ዋናው ጉዳይ ግን የአረፋዎቹ መጠን ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። የሚገፋው ውሃ በቅርብ ባዶ አረፋ ካላገኘ አሸዋና ጠጠሩን ያያያዘው የሲሚንቶ ልጥፍ ይሰነጠቃል። ጥቂት ትልልቅ አረፋዎችም 6 በመቶውን ይሞሉልሃል፤ ጥቅማቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ከጠነከረው ኮንክሪት ናሙና ተቆርጦ እስኪያብረቀርቅ ይለሰልሳል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ቀጥ ባሉ መስመሮች እየተኬደ፣ መስመሩ በአረፋዎች ላይ ያለፈበት ርዝመት ይመዘገባል። ኤኤስቲኤም ሲ457 በሚባለው የአሜሪካ የፍተሻ ደረጃ ካሉት ዘዴዎች አንዱ ይሄ ነው። ከዚህ የሚሰላው የአረፋዎች መራራቂያ ከ0.20 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ማለስለሱ ላይ አትቸኩል። የአረፋው ጠርዝ ከተሸረፈ ትንሹ አረፋ ትልቅ መስሎ ይቆጠራል፣ ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ናሙናውንም ከተሠራው አካል ላይ አስወስድ፤ ፓምፕና ንዝረት አየሩን ይቀይሩታል።